አራት የጭቃ ግድግዳ፣ አንድ ሠዓሊ

የብቻ ኤግዚቢሽን ማለት አንድ ሠዓሊ ሥራዎቹን ከማንም ሥራ ጋር ሳይቀላቅል የሚያሳይበት ነው። ይኸው ነው። የተቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ እኔ ደግሞ የምወደው ዝርዝሩን ነው። በተለይ ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ፣ ሠዓሊዎች ራሳቸው ከፍተው፣ ራሳቸው ጠርገው፣ ራሳቸው በር ላይ ቁጭ ብለው በሚጠብቁት ትንሽ ጋለሪ ሲሆን ደስታዬ እጥፍ ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ቦታ ይንቃል። ኤግዚቢሽን ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣበት የሆቴል አዳራሽ፣ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣንና የካሜራ ጋጋታ ነው። «ወጣ ብሎ አንድ ቤት ውስጥ አለ፣ እንሂድ» ስትለው «እዚያ ድረስ ለአንድ ሰው ሥዕል?» ይልሃል። አዎን፣ ለአንድ ሰው ሥዕል። የቡድን ኤግዚቢሽን የሰርግ ቡፌ ነው፤ ከሁሉም ትቀምሳለህ፣ የማንን ሙያ እንደቀመስክ ግን ሳትለይ ትወጣለህ። እያንዳንዱ ሠዓሊ የሚልከው ያማረለትን አንድ ሥራ ነዋ። በብቻው ኤግዚቢሽን ግን መደበቂያ የለውም። አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቀለም ስንት ዓመት እንዳስቸገረው ይታያል። እጅ መሣል እንደሚፈራም ይታያል፤ ሰዎቹ ሁሉ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ የከተቱት ለምን እንደሆነ አራተኛው ሸራ ላይ ስትደርስ ይገባሃል። ከዚያ አምስተኛው ላይ አንዲት ሴት ጀበና ይዛ እጇ ወጥቶ ስታየው «ደፈረ!» ትላለህ። ይህን ደስታ ሌላ የትም አላገኘሁትም።

ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። አፈወርቅ ተክሌ የመጀመሪያ የብቻ ኤግዚቢሽኑን እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሲያሳይ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን ብቻውን ሲያሳይ ደግሞ ረቂቅ ሥዕሎቹ ብዙ አከራከሩ። አፈወርቅ በኋላ ቪላ አልፋ ብሎ የሠራውን መኖሪያና ስቱዲዮ ራሱ እየመራ ያስጎበኝ ነበር። የሠዓሊ ቤት ራሱ ጋለሪ ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ ብዙ የአገራችን ሰው መጀመሪያ ያየው እዚያ ይመስለኛል።

ዛሬ ለዚህ መንፈስ ምሳሌ ስጠየቅ ዞማን እጠራለሁ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የኤግዚቢሽን አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ናቸው የሠሩት። መስከረም እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረችው የጥበብ ማዕከል በካንሰር በሞተ ዞማ ሽፈራው በሚባል ወጣት ሠዓሊ ስም ተሰየመ። መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ቦታው በፍሳሽና በቆሻሻ የተበከለ ነበር፤ ኤልያስና መስከረም ዓመታት ፈጅተው አጸዱትና በጭቃና በጭድ ቤት ሠሩበት። የጓሮ አትክልት አለ፣ ከብት አለ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት አለ። ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለችው በሐርላም ሠዓሊ እየሄደ የሚሠራበት ቦታ ነበራቸው። መካኒሳ ገጠር አይደለም፣ ልክ ነው። ግቢው ገብታችሁ ግድግዳውን ስትነኩ ግን ከተማው ይረሳችኋል። (ግድግዳውን ንኩ፣ ሥዕሉን አትንኩ። ወደዚህ እመለሳለሁ።)

ኤልያስ የብቻ ኤግዚቢሽን ትርጉም የገባው ሰው ነው። የመርካቶን የተጣለ ቁልፍ፣ ክር፣ የኮምፒውተርና የስልክ ውስጥ ዕቃ እየሰበሰበ ግድግዳ የሚያክል ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳንታ ሞኒካ፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ከኒውዮርክ ግዛቷ ትንሽ ከተማ ከክሊንተን ተነሥቶ እስከ ቶሮንቶ በዞረው ኤግዚቢሽን ያየው ፈረንጅ ብዙ ነው። እኛ ግን ስንቶቻችን ነን መካኒሳ የሄድነው?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። «ጭቃ ግድግዳ ሥዕል አይችልም» የሚል ሰው አለ። የተማረም ይለዋል፣ አንዳንድ ሠዓሊም ይለዋል። ሥዕል ነጭ ቀለም የተቀባ ብሎኬት ካላገኘ የሚሞት ይመስላቸዋል። እነዚህ ሰዎች ዘጌ ሄደው አያውቁም ማለት ነው? ጣና ዳር ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ ለምሳሌ በኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ የመቅደሱ ግድግዳ በጭቃና በጭድ የተመረገ ነው። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ በዚያ ላይ ተለጥፎ ዘመናትን አሳልፏል። የሥዕል ነጭ ግድግዳ ደግሞ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ወግ ነው፤ ከዚያ በፊት ፓሪስ ውስጥ ሥዕል የሚሰቀለው ከወለል እስከ ጣሪያ ተደራርቦ፣ ጎን ለጎን ተጣብቆ፣ በቀለማም ግድግዳ ላይ ነበር።

ጭቃ ግድግዳ ይችላል፤ ማወቅ ግን ይፈልጋል። ቤቱ ሲሠራ ቋሚ ይተከላል፣ ማገር ይመታል፣ ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ተረግጦ የከረመ ጭቃ ይመረጋል፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው በሁለተኛ ምርጊት ይሞላል፣ በመጨረሻ በላመ ጭቃ ይለሰናል። እንግዲህ ሚስማር ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ስህተት ልስኑ ላይ መምታት ነው። ሁለት ቀን ይይዝለታል። በሦስተኛው ሌሊት ሚስማሩ በዝግታ እያጎነበሰ፣ ጭቃውን እየፈረፈረ፣ ፍሬሙን ከነመስታወቱ ወለል ላይ ያወርደዋል። ከዚያ «ጭቃ አይችልም» ይላል። ጭቃው ምን አጠፋ? ግድግዳውን በጣትህ አንኳኳ፤ ቋሚው ያለበት ድምፁ ይለያል፤ እዚያ ላይ ምታ።

ግን ቋሚው ሁልጊዜ ሥዕሉ በሚፈልገው ቦታ አይገኝም። ስለዚህ ልባሞቹ ግድግዳውን ከነጭራሹ አይነኩትም። ከጣሪያው ሥር ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ቀጥ ያለ የተላጠ አጣና ከቋሚዎቹ ጋር ይታሰራል። ከእሱ ላይ ቀጭን ሽቦ ይወርዳል፤ ሥዕሉ በሽቦው ይሰቀላል። ወደ ግራ አንድ ክንድ ልግፋው ካልክ ሽቦውን ማንሸራተት ነው። ቀዳዳ የለ፣ ፍርፋሪ የለ። ይህን አሠራር ብሎኬት ቤት ያላቸው ጋለሪዎች ብረት ገዝተው ያስገጥሙታል፤ ገጠር ያለው ሠዓሊ ከጓሮው ቆርጦ ይሠራዋል።

ሌላው እርጥበት ነው። በክረምት ጭቃ ውኃ ይስባል፣ በበጋ ይሰጣል። ሥዕል ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ ሸራው ከጀርባው ይሻግታል፣ ወረቀት ላይ የተሣለ ደግሞ ይጣመማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የወይን ጠርሙስ ቡሽ በቢላ ቆራርጦ ከፍሬሙ ጀርባ በታችኛው ጥግ በግራና በቀኝ መለጠፍ። ሥዕሉ ከግድግዳው የጣት ውፍረት ያህል ይርቃል፣ አየር ይገባል። ያንኑ ክፍተት ለምስጥ መከላከያም ትጠቀምበታለህ። ምስጥ ጭቃ ውስጥ መንገዱን ሠርቶ ነው የሚመጣው፤ ክፍተት ሲያገኝ በአየር ላይ የሚሻገርበት የአፈር መተላለፊያ መሥራት አለበት፣ ያ ደግሞ በዓይን ይታያል። በሳምንት አንዴ ከፍሬሞቹ ጀርባ ባትሪ ማብራት የማይወድ ሰው ገጠር ጋለሪ ባይከፍት ይሻላል።

ከፍታ ላይም ጣጣ አለ። የሸራው እንብርት ከወለል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ቢውል ቆሞ ለሚያይ ሰው ዓይን ይስማማል። ስለዚህ ሲባጎ ከጥግ እስከ ጥግ ይወጠርና ትልቁም ትንሹም ሥዕል መሐሉ ክሩ ላይ እንዲውል ይደረጋል። የእኛ ሰው ግን በቤቱ ፎቶ የሚሰቅለው ከጣሪያው ሥር፣ ወደ ፊት አዘንብሎ ነው፤ ወንበር ላይ ለተቀመጠ እንግዳ እንዲታይ። ለሳሎን ጥሩ ነው። ኤግዚቢሽን ላይ ሲመጣ ግን ተመልካቹ አንገቱን ሰብሮ ይሄዳል። የተወለጋገደ የጭቃ ወለል ላይ ደግሞ ውኃ ልኩ «ትክክል ነው» ያለው ሥዕል ለዓይን ጠማማ ይሆናል፤ ዓይን የሚያመዛዝነው ከወለሉና ከአጣናው ጋር ነውና። እኔ በዚህ ጊዜ ዓይኔን አምናለሁ። ውኃ ልኩ ሥዕል አይገዛም።

ስለ ብርሃን ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን አለች። በፈረንጅ መጽሐፍ የሠዓሊ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ይላል፣ ፀሐይ በቀጥታ እንዳትገባ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ያለችው በሰሜን በኩል ነው። መጽሐፉን አምኖ ሰፊ የሰሜን መስኮት ያስቀደደ ሰው ግንቦት ላይ ሥዕሉ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ይገረማል። ሰፋ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ወይም አንድ የአቡጀዲ መጋረጃ ይበቃው ነበር።

እንዲህ ያለው ጋለሪ የሚያስደስተኝ በተመልካቹም ጭምር ነው። አንድ ጊዜ ከገበያ የሚመለሱ አንድ አዛውንት ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ። የእርሻ ሥዕል ፊት ቆሙ። በሬዎቹን አዩ፣ አራሹን አዩ፣ ቀረብ ብለው ደግሞ ቀንበሩን አዩ።

«ልጄ፣ ምራኑ የታለ?» አሉት ሠዓሊውን።

«ምን አሉኝ አባባ?»

«ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በምን አሰርከው? ይህ በሬ ሲንቀሳቀስ ሞፈሩ እዚሁ ይቀራል።»

ሠዓሊው ሳቀ፤ ግን እርሳስ አውጥቶ ምራን እንዴት እንደሚጠመጠም ወረቀት ላይ እንዲያሳዩት ለመናቸው። እሳቸውም እርሳሱን ትተው በመቀነታቸው አሳዩት። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ይህን የሚያየው ማን ነው? እዚያ «ድንቅ ነው» ብለው ብርጭቆ ያነሣሉ።

ሥዕል መምረጥም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጥሩ የብቻ ኤግዚቢሽን የሚታወቀው ባልተሰቀለው ነው። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ሠዓሊው የሚወደውን ሁሉ ማስገባት አይችልም፤ ለዚህ ነው ትንሽ ቦታ የሚጠቅመው። አዳራሽ ያገኘ ሁሉ ከተማሪነቱ ጀምሮ የሣለውን አምጥቶ ይደረድራል፣ ተመልካቹም ግማሹን ሳያይ ይወጣል። ሳይደርቅ የሚሰቅልም አለ። ወፍራም የዘይት ቀለም ላዩ ቢደርቅ ውስጡ ወራት ይፈጅበታል፤ የገጠር አቧራ ደግሞ ወዲያው ይጣበቅበታል።

ከተመልካች ጋር ያለኝ ቅሬታ አጭር አይደለም፣ ላሳጥረው። አንደኛ፣ በመክፈቻው ቀን ብቻ አትምጡ። በዚያ ቀን የሚታየው ሰው እንጂ ሥዕል አይደለም። በማግስቱ ወይም በሳምንቱ፣ ሠዓሊው ብቻውን ቡና ሲያፈላ ኑ። ሁለተኛ፣ ጀርባችሁን ለሥዕሉ ሰጥታችሁ ፎቶ ስትነሡ ቦርሳችሁ ሸራውን ይፍቃል። ሦስተኛ፣ ጣታችሁን ሰብስቡ። ቀለሙ ጎርበጥ ማለቱን ለማረጋገጥ መዳሰስ አያስፈልግም፤ የእጅ ወዝ ሸራ ላይ ይቀራል። አራተኛ፣ ከሰላምታ በፊት «ስንት ነው?» አትበሉ። ዋጋው ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል፤ ዝርዝሩ በር ላይ አለ። እንደ ሸማ ተራ መከራከርም ይቅር፣ በተለይ ጋለሪው የሠዓሊዎቹ ከሆነ። ከዚያ ገንዘብ ላይ የጣሪያው ጥገናም የመብራቱ ሒሳብም ይከፈላል።

የገዛችሁት ሥዕል አጠገብ ቀይ ነጥብ ይለጠፋል፤ ኤግዚቢሽኑ እስኪያልቅ ግን እዚያው ይቆያል። «ገዝቻለሁ፣ አሁኑኑ ልውሰደው» የሚል አለ። ባዶ ሽቦ ተንጠልጥሎ ሌላው ተመልካች ምን ይይ? ቀጠሮው የማውረጃው ቀን ነው። ያን ቀን ግን በሰዓቱ ኑ፤ ማታ ሥዕሎቹ ወርደው ቀጣዩ ሠዓሊ የራሱን ይዞ በር ላይ ይቆማል። አሮጌ ነጠላ ወይም ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ፣ በጋዜጣ አትጠቅልሉት፤ የጋዜጣ ቀለም ይለቃል። ሚኒባስ ጣሪያ ላይም አትጫኑት። ሁለት ወንበር ከፍላችሁ ከጎናችሁ አስቀምጡት።