ለሴት ሪዝ የሚዋጥ ኪኒን

እንፍራንዝ ውስጥ አገጯ ላይ ሪዝ የበቀለባት ሴት መጀመሪያ የምታነሣው ወረንጦ ነው፤ እሾህ የሚነቀልበትን ያንኑ። ቀጥሎ ምላጭ ይመጣል፣ ከምላጩ ጋር ደግሞ «ስትላጪው ይብስብሻል» የሚል ምክር። ምላጭ የጠጉሩን ጫፍ ደንዳና አድርጎ ይቆርጠዋል እንጂ ሥሩን ስለማይነካ አያበዛውም። ይልቅስ ወረንጦው ነው ቆዳ የሚያቆስለው፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚበቅለው ጠጉር ጥቁር ነጥብ ጥሎ ይቀራል።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «የወር አበባሽ በየስንት ጊዜው ይመጣል?» የሚል ነው። ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ሴቶች ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት እንዲህ ያለ ጠጉር ያወጣሉ። የአብዛኞቹ ምክንያት ፒሲኦኤስ ነው፦ ኦቫሪ የወንድ ሆርሞን ያበዛል፣ የወር አበባ ይዘላል፣ እርግዝናም ይዘገያል። ጠጉሩ በጥቂት ወር ውስጥ ድንገት ከወረረና ድምፅ ከጎረነነ ግን ዕጢ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ጎንደር ሆስፒታል መድረስ ነው።

የሚገርመው፣ ዋናው መድኃኒት የጤና ጣቢያ ዕቃ ነው፤ በየቀኑ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ። ኦቫሪው የሚያመነጨውን የወንድ ሆርሞን ይቀንሳል። በየሦስት ወሩ የሚወጉት ዲፖ ለዚህ አይታዘዝም። የደም ግፊት ወይም የደም መርጋት ያለባት ኪኒኑን አትወስድም።

ላላገባች ልጅ ግን የኪኒኑ ስም ከሪዙ ይብሳል። እናቷ ማሸጊያውን ከሣጥን ብታገኘው ማን ያስረዳላታል? ልጅቱ ከፈቀደች፣ ባለሙያው እናትየዋን አስቀምጦ ቢነግርላት ከኪኒኑ የማያንስ ሕክምና ነው ባይ ነኝ።

በ6 ወር ለውጥ ካልታየ ስፓይሮኖላክቶን ይጨመራል፤ ለልብ ድካም የሚታዘዘው የሚያሸናው ኪኒን ነው፣ በቀን ከ50 እስከ 200 ሚሊግራም። የወንድ ፅንስን አፈጣጠር ሊያዛባ ስለሚችል ያለ ወሊድ መከላከያ አይሰጥም። ሌዘር አቅሙ ላላት ነው፤ እሷም ብትሆን ለጠይም ቆዳ የሚስማማው ባለ 1064 ናኖሜትሩ ኤንዲ ያግ መሆኑን ጠይቃ ትግባ፣ ሌላው ሊያቃጥላት ይችላል።

ኪኒን የበቀለውን ጠጉር አይነቅልም፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ያቀጥነዋል። እስከዚያው በምላጭ መላጨት አይከለከልም።