ወደ ዋሽንግተን ሲበሩ እግርዎን አይርሱ

ልጅዎ ዋሽንግተን ወልዳለችና አራስ ሊጠይቁ ተነስተዋል እንበል። በርበሬው ተደልዟል፣ ሽሮው ተፈጭቷል፣ የገንፎው ዱቄት ታሽጓል፣ ሻንጣውም በሚዛን ተለክቷል። ለእግርዎስ ምን አሰቡ?

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። በዚህ ምክንያት አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል፤ ወደዚያ ሲሄድም መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ መሙላቱ የተለመደ ነው። ጉዞው ከ15 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሲመለስ ግን ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሳ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይደርሳል።

ያን ያህል ሰዓት ጉልበትን አጥፎ መቀመጥ ነው ችግሩ። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ ይሠራል፤ ስንቀመጥ ያርፋል። ያኔ ደሙ በጥልቁ የደም መልስ ውስጥ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይረጋል። የረጋው ደም ተቆርጦ ሳንባ ውስጥ ከተወተፈ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

እንዳይደነግጡ መጠኑን እንንገርዎ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ አደጋውን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ያም ሆኖ በጤነኛ ሰው ላይ የሚደርሰው ከ6 ሺህ ተጓዦች በአንዱ ገደማ ነው። ጉዳዩ የአውሮፕላን ብቻም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ጎንደር የሚሄድ ሰውንም ይመለከታል።

ከዚህ ቀደም ደም ረግቶባቸው የሚያውቁ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ የካንሰር ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ባትን የሚያጠብቅ ልዩ ካልሲ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪም ነው። «አስፕሪን ዋጥ አድርጊ» የሚል የጎረቤት ምክር ግን ይቅርብዎ፤ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል።

ለሌላው ተጓዥ መላው ቀላል ነው። የእጅ ቦርሳዎን ከእግርዎ ሥር አይጎስጉሱ፤ መዘርጊያ ያሳጣዎታል። ከተቻለ የመተላለፊያውን ዳር ወንበር ይጠይቁ። በየሰዓቱ ተረከዝዎን፣ ቀጥሎም የእግር ጣቶችዎን ደጋግመው ያንሱ፤ ቀበቶ ፍቱ ሲባልም ተነስተው ይራመዱ። ብዙ እናቶች «ሰው አላስቸግርም» ብለው መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ውኃ ሳይጠጡ ይደርሳሉ። የአውሮፕላን አየር በጣም ደረቅ ነውና ውኃ ይጠጡ፤ ለመጸዳጃው መነሳትዎ ራሱ እግርዎን ይጠቅማል።

የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ኢንሱሊንዎን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ጭነት ክፍል ውስጥ ቅዝቃዜ ሊያበላሸው ይችላል። ወደ ምዕራብ ሲበሩ ቀንዎ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ስለሚረዝም የመርፌውን ሰዓት አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት።

ከደረሱ በኋላ ሁለቱም ቁርጭምጭሚት ትንሽ ቢያብጥ የተለመደ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጎድላል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቱን ካመመዎና ከሞቀ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎት። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ደረትዎን ከወጋዎ ወይም ደም ካሳለዎ ልጅዎ ወዲያው አምቡላንስ ትጥራ። ምልክቱ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታትም ሊመጣ ስለሚችል፣ ከረጅም በረራ መምጣትዎን ለሐኪሙ ይንገሩት።