ሰልፉን የሚመራው ሽማግሌ ታንክ

ግንቦት 1 እኛ ልደታን ስናከብር፣ ሞስኮ ደግሞ ናዚ ጀርመን የተሸነፈችበትን ቀን ታከብራለች። የዚያን ዕለት ሰልፍ በቴሌቪዥን አይታችሁ እንደሆነ፣ ከጦር ተሽከርካሪዎቹ ሁሉ ፊት ቀይ ባንዲራ እያውለበለበ ወደ ቀይ አደባባይ የሚገባ አነስ ያለ ታንክ አለ። ቲ-34 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 አንድም ዘመናዊ ታንክ ስላልተከተለው መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ያ ሽማግሌ እስከ ዛሬ በራሱ ሞተር መሄዱ!

ሶቭየት ኅብረት በጦርነቱ ዘመን ከ50,000 በላይ ቲ-34 ሠርታለች። ታዲያ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ 30 ቲ-34 ከየት ብታመጣ ጥሩ ነው? ከላኦስ! ነገሩ ወዲህ ነው፦ ብዙዎቹ በጦርነቱ ነደዋል፤ ሌሎቹ ተቆራርጠው ቀልጠዋል፤ የተረፉትም በየከተማው ሐውልት ሆነው ቆመዋል። የላኦስ ሠራዊት ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲነዳቸው ኖሯል። በመርከብ ቭላዲቮስቶክ ወረዱ፤ ከዚያ ባቡር ላይ ተጭነው ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ሞስኮ አጠገብ ናሮ-ፎሚንስክ ገቡ። ለሰልፍ፣ ለሙዚየምና ለፊልም ተፈልገው ነው።

እንዲህ መደከሙ ተገቢ ይመስለኛል፤ ቆሞ የዋለ ታንክ ምሥጢሩን አያሳይማ። 32 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ብረት የሚጎትተው ባለ 12 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። ብርድ ባትሪውን ሲያደክመው ሾፌሩ አጠገቡ ካሉት ጠርሙሶች የታመቀ አየር ለቆ ሞተሩን ያስነሳዋል። እንደ መኪና መሪ የለውም፤ በግራና በቀኝ እጅ በሚሳቡ ሁለት ዘንጎች ይታጠፋል።

ከሁሉ የምወደው ግን ሰንሰለቱን ነው። የሰንሰለቱን ቁርጥራጮች የሚያያይዙት ፒኖች በውስጥ በኩል ጉጥ አላቸው፤ በውጭ በኩል ግን የሚይዛቸው ነገር የለም። ስለዚህ ታንኩ ሲሄድ እየሾለኩ ወደ ውስጥ፣ ወደ ታንኩ ጎን ብቅ ይላሉ። መሐንዲሶቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ከኋላ፣ ጎኑ ላይ፣ ዘመም ያለ ብረት በየዱ። ሰንሰለቱ በዞረ ቁጥር ያፈተለከው ፒን ከዚያ ብረት ጋር እየተጋጨ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያለ መካኒክ፣ ያለ መፍቻ፣ እየሄደ ራሱን ይጠግናል! እ.ኤ.አ. በ2025፣ በድሉ 80ኛ ዓመት በዓል፣ ቲ-34ዎች በርከት ብለው ያለፉበትን ቪዲዮ ፈልጋችሁ ድምፁን ከፍ አድርጉና ስሙት።