ሆሣዕና በስንት ዓመት ወደ ስፍራው ይመለሳል?

በሐዲያ ምድር ያለችው፥ አስቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው የሆሳዕና ከተማ ስሟን ያገኘችው ከበዓለ ሆሣዕና ነው። ብዙ ከተማ በሰው ወይም በወንዝ ስም ይጠራል፤ ይህች ግን ቀኑ በማይጸና በዓል ተጠራች። በዓሉ ከመጋቢት 19 ቀን በፊት፥ ከሚያዝያ 23 ቀንም በኋላ አይውልም፤ በዚህ መካከል ግን ጨረቃን እየተከተለ ይመላለሳል።

ይህ ነገር የካህናት ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። እኛ ግን ከብድር ውል ጋራ አገናኝተን እንመለከተዋለን። በሆሳዕና፥ በሾኔ ወይም በዱራሜ አንድ ሰው በሆሣዕና ዕለት ገንዘብ ተበድሮ «ለሚመጣው ሆሣዕና እከፍላለሁ» ብሎ ቢፈርም ስንት ቀን ያገኛል? በዓሉ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ 1 ቀን፥ በ2016 ሚያዝያ 20 ቀን፥ በ2017 ሚያዝያ 5 ቀን ዋለ። እንግዲህ በ2015 የተበደረ 385 ቀን ሲያገኝ፥ በ2016 የተበደረ ያገኘው 350 ቀን ብቻ ነው። ወለድ ላለበት ገንዘብ 35 ቀን ቀላል አይደለም፤ በውሉ ላይ ወሩንና ቀኑን ለይቶ መጻፍ ይሻላል።

በቤት ያሉ ልጆች «ታዲያ ነገሩ ሁሉ መቼ እንደ ነበረ ይመለሳል?» ብለው ቢጠይቁ፥ መልሱ 532 ዓመት ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ዐቢይ ቀመር ይሉታል። አንዳንድ ሰው ቁጥሩን እንደ አስማት ይፈራዋል፤ ነገር ግን የሚያስፈራ የለበትም። የጨረቃ ሒሳብ በ19 ዓመት፥ ዕለትና ቀን ደግሞ በ28 ዓመት ይመለሳሉ። 19ንና 28ን በአንድነት ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር ከ1 በቀር ስለሌለ፥ ሁለቱ የሚገናኙት 19 ጊዜ 28 ሲሞላ ነው፤ ከዚያ በፊት አይገናኙም።

ዓመቱን በቀን ብንቆጥረው 194,313 ይሆናል። ይህን ቁጥር ልጆች በደብተራቸው ቢመረምሩት ደስ ያሰኛቸዋል። ጎደሎ ስለ ሆነ በ2 አይካፈልም። አኃዞቹ ሲደመሩ 21 ስለሚሆኑ በ3 ይካፈላል። በ7 ሲካፈል 27,759 ሙሉ ሳምንት ይወጣዋል፥ አንድ ቀን እንኳ አይተርፍም። በመጨረሻ 3 ጊዜ 7 ጊዜ 19 ጊዜ 487 ሆኖ ይገኛል፤ 487ን ደግሞ ከራሱና ከ1 በቀር የሚያካፍለው የለም።

«95 ዓመት ይበቃል» የሚል ብልኅ ልጅም አይጠፋም። እውነት ነው፥ የ1923ም የ2018ም ሆሣዕና መጋቢት 27 ቀን ነው። በ95 ዓመት ውስጥ 24 ጊዜ ጳጉሜን 6 ቀን ሲሆን፥ 95ና 24 ተደምረው 119 ይሆናሉ፤ ይህም በ7 ይካፈላል። ቆጠራው ከዘመነ ዮሐንስ ሲጀመር ግን ጳጉሜን 6 የሚሆነው 23 ጊዜ ብቻ ነው፤ ድምሩም 118 ሆኖ ሳምንቱ ይፈርሳል።

ዐቢይ ቀመርም ቢሆን ከሰማይዋ ጨረቃ ጋራ ፈጽሞ አይተካከልም፤ በውስጡ የሚቆጠሩት 6,580 ጨረቃዎች በእውነተኛው ልክ ቢሰፈሩ ወደ ሁለት ቀን ገደማ ቀድመው ያልቃሉ። በመጽሐፉ ሒሳብ ግን የ2018 ዓመት አቆጣጠር በ1486 ዓ.ም. ዐፄ እስክንድር ነግሠው ሳሉ እንደዚሁ ነበረ፤ ዳግመኛ የሚመጣውም በ2550 ነው።