ከረጢቱን ከመፍታታችሁ በፊት

በዚህ ከተማ ዓሣ የሚያረቡ ሀበሾች ጥቂት አይደሉም። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ወይም ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድል ያደረ ሰው ጠዋት ቤቱ ሲገባ ዝም ያለ ነገር ማየት ይፈልጋል መሰለኝ። ለተማሪም ቢሆን ይመቻል፤ ውሻ የሚከለክል የኪራይ ውል ብዙውን ጊዜ ለትንሽ አኳሪየም ግድ የለውም። ጣጣው የሚጀምረው ሰፈር ሱቅ የማይገኝ ዓሣ ሲያምራችሁ ነው። እንደ ዲስከስ ያለ ስስ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ከፍሎሪዳ ወይም ከሌላ ስቴት በኢንተርኔት ያዝዛል፤ ዓሣው በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ፣ ፎም ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ በአንድ ሌሊት በአውሮፕላን ይመጣል።

ሁሉም የሚፈራው መንገዱን ነው። መንገዱ ያስፈራል፣ በተለይ በእኛ በጋ፤ እመለስበታለሁ። ግን ታሽጎ ለመጣ ዓሣ ከመንገዱ የማይተናነስ አደጋ ያለው ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ነው። ያቺ ሰዓት ደግሞ በሻጩ እጅ አይደለችም፣ በእናንተ እጅ ናት።

መጀመሪያ ከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ ዓሣውን ከመላኩ በፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን ምግብ ይከለክለዋል። ምክንያቱ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሕመምተኛ እንዲጾም ከምናደርግበት ምክንያት ይለያል፤ እዚህ የሚፈለገው ዓሣው በጉዞ ላይ ውሃውን እንዳያቆሽሽ ነው። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም፤ እዚህ ግን የሚጾመው ራሱ ዓሣው ነው።) ከዚያ ከረጢቱ ሲሶ ያህል ውሃ ይደረግበትና ቀሪው በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶ ይታሰራል። አገር ቤትም የቆሮሶ ጫጩቶች ከሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል ወደ ግድቦችና ኩሬዎች ሲወሰዱ በዚሁ ዘዴ በኦክስጅን በተሞላ ከረጢት ነው። ቆሮሶ ግን ቻይ ዓሣ ነው፤ ብዙ ስሕተት ይቅር ይላል። ዲስከስ አይልም።

ስለዚህ በአግባቡ በታሸገ ከረጢት ውስጥ ቶሎ የሚያልቀው ኦክስጅኑ አይደለም። ዓሣው ሲተነፍስ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጫ አጥቶ ውሃው ውስጥ ይጠራቀማል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃን አሲዳማ ያደርጋል፤ ፒኤቹ ይወርዳል። ነርሲንግ የምትማሩ ይህን ታውቁታላችሁ፦ ትንፋሹ ያጠረ ሕመምተኛ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማስወጣት ሲያቅተው የደሙ ፒኤች ከ7.35 በታች የሚወርደው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ዓሣው በስንጥቡ፣ ማለትም ከጭንቅላቱ ጎን በሚከፈተውና በሚዘጋው መተንፈሻው፣ አሞኒያ ያወጣል። እኛ አሞኒያን ወደ ዩሪያ ለውጠን በኩላሊት እናስወግደዋለን፤ ዓሣ ግን በአብዛኛው እንዳለ ወደ ውሃው ይለቀዋል። ወንዝ ውስጥ ውሃው ይወስድለታል። ከረጢት ውስጥ የሚወስድለት የለም።

ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ እንዴት ተርፎ ይደርሳል?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ አሲዱ ላይ ነው። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ ነጻው አሞኒያ ሲሆን በስንጥቡ አልፎ ወደ ደም የሚገባው መርዝ እሱ ነው። ሌላው አሞኒየም ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እንደ ነጻው አሞኒያ ሽፋኖችን በቀላሉ አያልፍም፣ ጉዳቱም እጅግ ያነሰ ነው። ውሃው አሲዳማ በሆነ ቁጥር አብዛኛው ወደ አሞኒየም ይዞራል። ይህን ነገር ሆስፒታል ውስጥ በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ጉበቱ ደክሞ አሞኒያ አንጎሉን ላወከበት ሕመምተኛ ላክቱሎስ የሚሰጠው በከፊል ለዚህ ነው፤ ላክቱሎስ ትልቁን አንጀት አሲዳማ ያደርግና አሞኒያውን አሞኒየም አድርጎ ያስረዋል፤ ወደ ደም ሳይመለስ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ዓሣ ማንም ሳያዝለት ራሱን እያከመ ነው የመጣው ማለት ይቻላል።

አሁን ከረጢቱን ፍቱት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ልክ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ይወጣል፤ ፒኤቹ መውጣት ይጀምራል። ውሃው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ በፒኤች 6.5 ከጠቅላላው አሞኒያ ነጻው 0.2 በመቶ አይሞላም። በፒኤች 8 ከ5 በመቶ ያልፋል። ወደ 30 እጥፍ ማለት ነው፤ አንዲት ጠብታ አሞኒያ ሳይጨመር። የላስ ቬጋስ የቧንቧ ውሃ ፒኤች ደግሞ 8 አካባቢ ነው። እንግዲህ ከረጢቱን ከፍታችሁ ከአኳሪየሙ ቀስ በቀስ በጠብታ ውሃ ስትጨምሩበት፣ ዓሣው ገና እዚያው ቆሻሻ ውሃ ውስጥ እያለ ያንን የታሰረ መርዝ እየፈታችሁት ነው።

አጎቴ ላይ የደረሰው ይኼ ነበር። ስድስት ዲስከስ አስመጣ፤ ስድስቱም ሲዋኙ ደረሱ። በቀጭን ቱቦ ጠብታ በጠብታ ሁለት ሰዓት ሙሉ አለማመዳቸው፤ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ሦስተኛው ሰዓት ላይ አራቱ በጎናቸው ተኝተው ነበር። የሁለት ሌሊት ሥራ ገንዘብ ነው። ደወለልኝና «አንቺ ነርስ አይደለሽም እንዴ? እስቲ ምን ሆኑብኝ?» አለ። ያኔ ገና ሁለተኛ ሴሚስተር ነበርኩ፤ ለዓሣ ደግሞ ማንም አላስተማረኝም። ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። እሱ እስከ ዛሬ ሻጩን ይጠረጥራል። እኔ ሻጩን አልጠረጥርም፤ የተከተለውን ምክር ነው የምጠረጥረው። የጠብታው ዘዴ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከሰፈር ሱቅ በሃያ ደቂቃ ለመጣ ዓሣ ደኅና ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ገና ምንም አልተጠራቀመምና። ሃያ አራት ሰዓት ታሽጎ ለመጣው ግን ሌላ አቀባበል ያስፈልገዋል።

አቀባበሉ ቀላል ነው፣ ዋናው ሥራ የሚሠራው ዓሣው ከመድረሱ በፊት ስለሆነ። ሻጩን በስልክ ወይም በጽሑፍ ጠይቁት፦ የውሃህ ፒኤች ስንት ነው? ጥንካሬውስ? ሙቀቱስ? የሚቀበለውን ገንዳ በተቻለ መጠን ወደዚያ አቅርቡት። ሳጥኑን መብራት ባነሰበት ክፍል ክፈቱ፤ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ የቆየ ዓሣ ድንገት ብርሃን ሲያርፍበት ይደነግጣል። ከረጢቱን ሳትፈቱ ፎቶ አንሡ፤ ብዙ ሻጮች በሕይወት ለመድረሱ የሚሰጡት ዋስትና የሚጠይቀው ያልተከፈተ ከረጢት ፎቶ ነው። ከዚያ እንደታሰረ ገንዳው ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አንሳፍፉት፤ ይህ ሙቀቱን ለማስተካከል ብቻ ነው። አንዳንድ ሻጭ በራሱ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ልዩ ከረጢት ይጠቀማል፤ እንዲህ ዓይነቱን ውሃ ላይ አታንሳፍፉት፣ ፊቱን ውሃ ሲሸፍነው መተንፈሱን ያቆማል። ሙቀቱ ሲስተካከል ከረጢቱን ክፈቱና ዓሣውን ወዲያው በለስላሳ መረብ አውጥታችሁ ወደ ገንዳው አስገቡት። የከረጢቱን ውሃ ወደ መጸዳጃ ድፉት፤ ወደ ገንዳው ጠብ እንዳይል። ክሎሪንን ብቻ ሳይሆን አሞኒያንም የሚይዝ የውሃ ማከሚያ አስቀድማችሁ ገንዳው ውስጥ ብትጨምሩ መልካም ነው።

«ገንዳውን ወደ ሻጩ ውሃ አቅርቡት» ማለት እዚህ ከተማ ቀላል አይደለም። ከምንጠጣው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የኮሎራዶ ወንዝ ነው፣ በሌክ ሚድ በኩል የሚመጣ። በመንገዱ የኖራ ድንጋይ እያጠበ ስለሚወርድ በጣም ጠንካራ ውሃ ነው፤ የተሟሟው ካልሲየምና ማግኒዢየም በሚሊዮን 280 አካባቢ ይደርሳል። ማስረጃ ከፈለጋችሁ የእናታችሁን የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት። ዲስከስ በትውልድ አገሩ በአማዞን የሚኖረው ለስላሳ፣ ከሞላ ጎደል የዝናብ በሚመስል ውሃ ውስጥ ነው። ምንም እንኳ በእርባታ የተወለደው ጠንካራ ውሃ ቢችልም፣ ከለስላሳው ወደ ጠንካራው በአንድ ደቂቃ መሻገር ስንጥቡንና ኩላሊቱን ያስጨንቃል። ሻጩ ዓሣውን በለስላሳ ውሃ ያሳደገው ከሆነ፣ በየሰፈሩ ካሉት የውሃ መሸጫዎች በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውሃ ገዝታችሁ ከቧንቧው ጋር ቀላቅሉ። ለቤት የሚገጠመው ውሃ ማለስለሻ ግን አይረዳም፤ ካልሲየሙን አውጥቶ በምትኩ ሶዲየም ያስገባል እንጂ የተሟሟውን አያጠፋም።

ዓሣው ከገባ በኋላ ውሃውን ቀስ እያላችሁ፣ በቀናት ውስጥ፣ ወደ ከተማው ውሃ ማምጣት ትችላላችሁ። ትዕግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የደሙ ሶዲየም ለብዙ ቀን ዝቅ ብሎ የቆየ ሕመምተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሚሊሞል በሊትር በላይ እንዳይጨመርለት የምንጠነቀቀው፣ አንጎሉ ከዝቅተኛው ጋር ተስማምቶ ስለቆየ ነው። የዓሣውም ሕዋስ እንደዚያው ጊዜ ይፈልጋል። ከአሞኒያው መሸሽ በደቂቃ፣ ጨውንና ማዕድንን ማስተካከል በቀን፤ አጎቴ የተከተለው ምክር ሁለቱን አንድ ላይ ነበር የቀላቀላቸው።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ሐምሌ 7 ቀን 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ላስ ቬጋስ 120 ፋራናይት፣ ማለትም 49 ሴልሺየስ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሙቀት አስመዘገበች፤ በከተማዋ ታሪክ ከፍተኛው ነው። በዚህ ዓይነት ቀን ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ሳጥን ምንም ፎም ቢኖረው ምጣድ ነው። ሙቀት ዓሣውን በሁለት በኩል ይመታዋል፦ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ከአየር መያዝ ሲችል 30 ላይ ግን 7.5 ብቻ ነው የሚይዘው፤ የዓሣው ሰውነት ደግሞ በሙቀቱ ልክ ፈጥኖ ይሠራል፣ ኦክስጅኑን የሚፈልገውም አሞኒያ የሚያወጣውም በዚያው ልክ ጨምሮ ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባታዝዙ ይመረጣል። ግዴታ ከሆነ ቤት ድረስ እንዲመጣ አታድርጉ፤ ከማመላለሻ ድርጅቱ ማዕከል ራሳችሁ በጠዋት ለመቀበል አስመዝግቡና ኤሲው የቀዘቀዘ መኪና ይዛችሁ ሂዱ። በመንገድ ላይ «አንድ ማኪያቶ ብቻ» ብላችሁ ፓርኪንግ ላይ አታስቀምጡት። ከረጢቱ ሞቆ ከደረሰ በረዶ አትጨምሩበት፤ በቤቱ አየር ቀስ ብሎ ይውረድ። በነገራችን ላይ በበጋ ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደውም ውሃ ሞቃት ነው፤ ገንዳውን ከመሙላታችሁ በፊት ቴርሞሜትር ክተቱበት።

«ዓሣ ይላመዳል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አማርኛችን በአንድ «መላመድ» ሁለት ነገር ይጠራል፤ በሰዓታትና በቀናት የሚሆነውንም፣ በትውልድ ብዛት የሚሆነውንም። ለሁለተኛው ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ባልሞላ መንገድ፣ ናይ ካውንቲ ውስጥ፣ ዴቭልስ ሆል የሚባል የዓለት ጉድጓድ አለ፤ ውሃው 33 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ ኦክስጅኑም ትንሽ ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ እዚያ ብቻ የሚገኝ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ሰማያዊ ዓሣ ይኖርበታል፤ በ2013 ሲቆጠር 35 ብቻ ነበር የቀረው። የእኛም አገር ወንድም አለው፦ ከባሕር ወለል በታች ባለው በአፋሩ አፍዴራ ሐይቅ፣ ጨውና ፍል ውሃ በሚገናኙበት፣ የሚኖር ትንሽ ዓሣ። በ2001 ለሳይንስ ካስተዋወቁት ሁለት ተመራማሪዎች አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ናቸው። እነዚህ ዓሦች ሙቀቱን የቻሉት በእልፍ ትውልድ ነው። ከረጢት ውስጥ ያለው ዓሣችሁ ያለው አንድ ቀን ነው።

አዲስ መጤውን ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አትቀላቅሉ። አራት ሳምንት ያህል ለብቻው፣ የራሱ መረብና የራሱ ባልዲ ይኑረው፤ ክፍሉ በር ላይ ቢጫ ጋውን የተሰቀለለት ሕመምተኛ አድርጋችሁ ቁጠሩት። ማጣሪያው አዲስ ከሆነ አሞኒያን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ገና አልተራቡበትም፤ ከነባሩ አኳሪየም የቆየ ስፖንጅ ወስዳችሁ ክተቱበት። በመጀመሪያው ቀን መብራት አጥፉ፣ ምግብ አትስጡ። በሁለተኛው ቀን ትንሽ፣ ከበላ። አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ ለኩ። ዓሣው ወደ ውሃው ፊት ወጥቶ የሚያለከልክ፣ ስንጥቡም ከቀይ ወደ ቡና ዓይነት ከተለወጠ ናይትራይቱን ጠርጥሩ፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም እንዳይችል ያደርገዋል። ግማሹን ውሃ ሙቀቱና ጥንካሬው በተመሳሰለ ንጹሕ ውሃ ቀይሩለት፣ የአየር ፓምፑንም ጨምሩለት። ሜቲሊን ብሉ ያለው ሰው በተለየ ዕቃ ውስጥ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ድንገተኛ ክፍል ለሰው ለዚሁ ችግር የምንሰጠው ያው ሰማያዊ መድኃኒት ነው። ማጣሪያው ባለበት ገንዳ ውስጥ ግን አትጨምሩት፣ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል። ፎጣ ላይም አታንጠባጥቡት፤ አይለቅም።