ማገዶ ቆጣቢው ምድጃ ደኑን ያተርፋል፤ አምራቹስ እንዴት ይትረፍ?

አካባቢን የሚጠብቅ ሥራ የሚጀምር ወጣት ምርቃት አያጣም። ምርቃት ብቻውን ግን የሲሚንቶ ዕዳ አይከፍልም። በዓለም ከተማና በመርሐቤቴ ዙሪያ ጀማሪ ድርጅት (ስታርታፕ) ለማቋቋም ለሚያስቡ፣ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

ምርጥ ምድጃ በ1980ዎቹ በአገራችን የተሠራ ሲሆን፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ ማውጫ ይመረታል። እሳቱን ከምጣዱ ሥር ስለሚሰበስብ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነድዳል፤ ኩበት ሲነድድ ደግሞ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል። ስለዚህ ምድጃው ከደን አልፎ እርሻንም ይጠቅማል።

አምራቹ ግን ሦስት ፈተናዎች አሉበት።

አንደኛው ማጓጓዣ ነው። ምድጃው ከባድና በመንገድ የሚሰበር በመሆኑ የጀማን ሸለቆ አሻግሮ ማምጣት አያዋጣም፤ ገዢው አጠገብ መመረት አለበት። በመስከረም 2017 የተመረቀው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ መገኘቱ ለአካባቢው አምራች ዕድል ነው።

ሁለተኛው የምድጃው ጥንካሬ ነው። ዓመታት ስለሚያገለግል ዛሬ የገዛች እናት ቶሎ ተመልሳ አትገዛም። ቀበሌው ሲዳረስ ገበያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከመነሻው ሌላ ምርት ማሰብ ይገባል፤ ለምሳሌ በዚያው ሲሚንቶ ብሎኬት ማምረት።

ሦስተኛው ካፒታል ነው። ሲሚንቶ ቀድሞ ይገዛል፤ ገበሬው ግን ገንዘብ የሚይዘው ከአጨዳ በኋላ ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ በወለድ ብድር መሸፈን ለሙስሊሙ ወጣት መፍትሔ አይሆንም። ከወለድ ነፃ አሠራር ሁለት መንገድ አለው። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ በዱቤ ይሸጣል፤ ክፍያው ቢዘገይ ዋጋው አይጨምርም። በሙሻረካ ደግሞ ባንኩና አምራቹ ካፒታል አዋጥተው ትርፍና ኪሳራን ይጋራሉ። በአገራችን ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ፣ ዘምዘም፣ ሥራ የጀመረው በ2013 ነው።

ስለዚህ ንግድ ፈቃድ ከማውጣት በፊት፣ በአካባቢው ስንት አባወራ በጉልቻ እንደሚጋግር መቁጠር፣ የመክፈያ ጊዜውን ከአጨዳ ጋር ማስማማትና ሁለተኛ ምርት መምረጥ ያስፈልጋል። ድርጅቱ በሁለተኛው ዓመት ከተዘጋ፣ የሚተርፈው ዛፍም በዚያው ይቆማል።