ላ ዥቴ

ላ ዥቴ በፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ክሪስ ማርከር ተዘጋጅቶ በ1962 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃ፣ 28 ደቂቃ የሚፈጅ ጥቁርና ነጭ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ከአንዲት አጭር ቅጽበት በቀር ሙሉ በሙሉ የተሠራው ከማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች ነው። በመክፈቻው ጽሑፍም «ፎቶ-ሮማን»፣ ማለትም በፎቶግራፍ የሚተረክ ልብ ወለድ ተብሎ ተሰይሟል። «ዥቴ» በፈረንሳይኛ ከወደብ ወደ ባሕር ወጣ ብሎ የተሠራ ግንብ ሲሆን፣ በፊልሙ ውስጥ ግን በፓሪስ ኦርሊ አየር ማረፊያ ጎብኚዎች አውሮፕላን የሚመለከቱበትን ሰገነት ያመለክታል።

ታሪኩ

አንድ ልጅ በእሑድ ቀን ከወላጆቹ ጋር ወደ ኦርሊ ይሄዳል። እዚያም የአንዲት ሴት ፊት ያያል፤ ወዲያው ጫጫታ ይነሣል፣ አንድ ሰው ይወድቃል። ሰው ሲሞት ማየቱ የገባው ግን ቆይቶ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ፓሪስን ያወድማል፤ የተረፉት ሰዎች ጨረሩን ሸሽተው ከሻዮ ሕንፃ ሥር ባሉ ዋሻዎች ይኖራሉ። አሸናፊዎቹ ምግብ፣ መድኃኒትና የኃይል ምንጭ ለማግኘት እስረኞችን በጊዜ ውስጥ ለመላክ ይሞክራሉ። ከተሞከረባቸው ሰዎች ገሚሶቹ ይሞታሉ፣ ገሚሶቹ ያብዳሉ። ያ ልጅ አድጎ ከእስረኞቹ አንዱ ሆኗል፤ የሚመረጠውም ያቺን የሴት ፊት አጥብቆ ስለሚያስታውስ ነው።

ወደ ኋላ ተመልሶ ሴትዮዋን ያገኛታል። በመናፈሻ አብረው ይዘዋወራሉ፤ በሕይወት እንዳሉ ተደርገው የቆሙ የሞቱ እንስሳት የሞሉበት ሙዚየምም ይጎበኛሉ። በመጨረሻ ወደፊት ተልኮ የኃይል ምንጩን ያመጣል። ሥራው ሲያበቃ እንደሚገደል ያውቃል፤ የወደፊቱ ሰዎች መሸሸጊያ ቢሰጡትም እሱ የሚጠይቃቸው ወደ ልጅነቱ ዘመን እንዲመልሱት ነው። በኦርሊ ሰገነት ላይ ወደ ሴትዮዋ ሲሮጥ ከካምፑ የመጣውን ሰው ያየዋል። በልጅነቱ የተመለከተው ሞት የራሱ እንደነበር የሚረዳው ያኔ ነው።

አሠራሩ

ፎቶግራፎቹ የተነሡት በፔንታክስ ካሜራ ነው። ለነገሩ ማንኛውም የሴሉሎይድ ፊልም የቆሙ ሥዕሎች ድርድር ነው፤ በሴኮንድ 24 ሥዕሎች ሲያልፉ ዓይን እንቅስቃሴ ያያል። ማርከር ያደረገው አንዱን ሥዕል ማቆየት ነው፦ አንድ ፎቶግራፍ ለ5 ሴኮንድ ከታየ፣ በፊልሙ ጥቅል ላይ 120 ተመሳሳይ ሥዕሎች አሉ ማለት ነው። ለማሳያው መሣሪያ ልዩነት የለውም፤ ልዩነቱ ያለው በተመልካቹ ዘንድ ነው።

ሕይወት የሚሰጠው በአብዛኛው ቅንብሩና ድምፁ ነው። አንዱ ሥዕል እየደበዘዘ ሌላው በላዩ ይተካል፤ ካሜራው አልፎ አልፎ በፎቶው ላይ ይንሸራተታል። ገጸ ባሕርያቱ አይነጋገሩም። ታሪኩን የሚናገረው ተራኪው ዣን ኔግሮኒ ሲሆን፣ ከእሱ ሌላ የሚሰማው የሰው ንግግር የተመራማሪዎቹ የጀርመንኛ ሹክሹክታ ነው። የልብ ትርታም ይሰማል።

የምትንቀሳቀሰው ቅጽበት የምትመጣው ከፊልሙ አጋማሽ በኋላ ነው። ኤሌን ሻትለን የተጫወተቻት ሴት አልጋ ላይ ተኝታ ትታያለች። ፎቶግራፎቹ እየፈጠኑ ይተካካሉ፣ የወፎቹ ጫጫታ ይበረታል። ከዚያ ሴትዮዋ በእውን ዓይኗን ገልጣ ታርገበግበዋለች። ይህች ብቻ በፊልም ካሜራ የተቀረጸች ናት። ለብቻዋ ተቆርጣ ብትታይ ተራ ነገር ናት፤ ኃይሏ ከፊቷ ካለው ረጅም ጥበቃ የመጣ ስለሆነ ፊልሙን ከመጀመሪያው መመልከት ይገባል። ወዲያውም የተመራማሪው ፊት ድርቅ ብሎ ይመጣል። የመጨረሻው ሩጫ በአንጻሩ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፦ ሰውየው በእያንዳንዱ እርምጃው ቆሞ ይታያል።

ከሌሎች ሥራዎች ጋር ያለው ግንኙነት

ማርከር የአልፍሬድ ሂችኮክን «ቨርቲጎ» (1958 እ.ኤ.አ.) ይወድ ነበር። በዚያ ፊልም ሴትዮዋ በተቆረጠ ግንድ የዓመት ቀለበቶች ላይ የተወለደችበትንና የሞተችበትን ዘመን ታመለክታለች፤ በላ ዥቴ ሰውየው ከግንዱ ውጭ ያለውን ባዶ ስፍራ እያሳየ የመጣው ከዚያ መሆኑን ይናገራል።

ፊልሙ በ1963 እ.ኤ.አ. የዣን ቪጎ ሽልማትን አግኝቷል። የቴሪ ጊልያም «12 ዝንጀሮዎች» (1995 እ.ኤ.አ.) ታሪኩን የወሰደው ከዚህ ነው፤ እዚያ ግን ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። በቶኪዮ ሺንጁኩ ሠፈር ላ ዥቴ የሚባል ትንሽ መጠጥ ቤት አለ፤ ማርከር በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሳን ሶሌይ» ፊልሙ ውስጥ አሳይቶታል።